ቀጠሮ ሲጠብቅ ያረጀ ኮድ

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ምንም ነገር አልጥመኝ ብሏል። ሰማዩ እንደ ዳመነ ዋለ፤ እኔም የጀመርኩትን ሥራ እያነሳሁ እየጣልኩ ዋልኩ። አመሻሹ ላይ ያ ሊኑክስን፣ ማንም ኮዱን አይቶ ሊያሻሽለው የሚችለውን ክፍት የኮምፒውተር ሥርዓት፣ ያስተማረኝ ወዳጄ ደወለና በወሬ መካከል «የቴሌቪዥኑ ክስ የት ደረሰ?» አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2021 ካሊፎርኒያ ውስጥ በቴሌቪዥን ሻጩ ኩባንያ በቪዚዮ ላይ የተመሠረተውን ማለቱ ነው። ከሳሹ ሶፍትዌር ፍሪደም ኮንሰርቫንሲ የተባለው ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ካሳ አልጠየቀም። ቴሌቪዥኑን የገዛ ሰው በውስጡ ያለውን የጂፒኤል ሶፍትዌር የምንጭ ኮድ፣ ማለትም ፕሮግራመሮች የጻፉትን ጽሑፍ፣ የማግኘት መብት አለው ነው የሚለው። ጂፒኤል ሶፍትዌሩን ወስዶ ለሌላ የሚያሰራጭ ሁሉ የምንጭ ኮዱንም እንዲሰጥ የሚያስገድድ ፈቃድ ነው። የክርክሩ ቀን እየተሸጋገረ ዓመታት አለፉ። ለወዳጄ የምነግረው አዲስ ነገር አልነበረኝም፤ ስልኩ ሲዘጋ ንዴቱ ከእኔ ጋር ቀረ።

ንዴቱ ደግሞ አሮጌ ነው፤ በአሜሪካ ዩታ ግዛት ከቀረበው ክስ ጀምሮ የተጠራቀመ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2003 ኤስሲኦ የተባለው ኩባንያ አይቢኤም ዩኒክስ የተባለውን ቀደምት የኮምፒውተር ሥርዓት ኮድ ወደ ሊኑክስ አስገብቷል ብሎ ከሰሰ። የጠየቀው ካሳ በ1 ቢሊዮን ዶላር ተጀምሮ እየናረ ሄደ። ማስረጃው በወጉ ሳይመረመር በሊኑክስ የሚሠሩ ድርጅቶችን ለአንድ ፕሮሰሰር 699 ዶላር ከፍላችሁ ፈቃድ ግዙኝ አላቸው። በ2007 ዳኛው የዩኒክስ የቅጂ መብት የከሳሹ ሳይሆን ኖቬል የተባለው ሌላ ኩባንያ ነው አሉ፤ ከሳሹም በዚያው ዓመት ኪሳራ አወጀ። በይግባኝ ነገሩ እንደገና ተከፍቶ በ2010 ጁሪው ያንኑ ደገመው። ይህ ሁሉ ሆኖ ከአይቢኤም ጋር የነበረው ክርክር የተዘጋው በ2021 ነው፤ ያውም በ14.25 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት።

አሥራ ስምንት ዓመት! በዚያ ሁሉ ጊዜ ሥራቸው የተሰረቀ ነው የተባለባቸው ሰዎች፣ ከርነሉን፣ የሊኑክስን እምብርት፣ በየቤታቸው ሌሊት ተቀምጠው የጻፉት፣ ተከሳሽ እንኳ አልነበሩም። ያልተከሰሰ ሰው ስሙን የሚያጸዳበት ችሎት የለውም። የእኔ ቁጭት ከገንዘቡ ይልቅ እዚህ ላይ ነው።

በድሮው የሀገራችን ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ ተቆራኝተው፣ አብረው ውለው አብረው አድረው ዳኛ ፊት ይቀርቡ ነበር። ጭካኔው እንዳለ ሆኖ፣ ፍርዱ በዘገየ ቁጥር ሁለቱም እኩል ይጨነቁ ነበር። አሁን አንደኛው ወገን በጠበቆቹ በኩል እየተከራከረ ምርቱን መሸጡን ይቀጥላል፤ ሌላኛው ሥራውን ትቶ ማስረጃ ሲለቅም ይከርማል።

በጀርመን ሃምቡርግ የነበረውን ክስ ሳስብማ የባሰ ይከፋኛል። ክሪስቶፍ ሄልዊግ በሊኑክስ ከርነል ውስጥ ብዙ የጻፈ ሰው ነው። በ2015 ቪኤምዌር የተባለውን የሶፍትዌር ኩባንያ ሲከስ ጥያቄው ግልጽ ነበር፦ የሊኑክስን ኮድ ከራስህ ዝግ ከርነል ጋር አያይዘህ ስትሸጥ ጂፒኤል የሙሉውን የምንጭ ኮድ እንድትሰጥ ያስገድድሃል ወይስ አያስገድድህም? ፍርድ ቤቱ በ2016 ክሱን ውድቅ ያደረገው የትኛው መስመር የአንተ እንደሆነ፣ ያም በምርቱ ውስጥ የት እንዳለ በበቂ አላሳየህም ብሎ ነው። ማን ምን እንደጻፈ በየመስመሩ መዝግቦ የሚያኖር የጊት ታሪክ እያለ! በ2019 ይግባኙም በተመሳሳይ ምክንያት ወደቀ። ከዚያ በኋላ ኩባንያው ያንን ኮድ ከምርቱ እንደሚያወጣ አስታወቀ። አራት ዓመት ተሟግተን ዋናው ጥያቄ አልተነካም። ተሟገትን ስል እኔ ችሎት አልቆምኩም፤ ግን የእኔም ጉዳይ ነበር።

ኮድ እንደ መሬት ተቀምጦ ባለቤቱን አይጠብቅም። ቀጠሮው ሲደርስ ምርቱ ተቀይሯል፤ ኮዱን ማግኘት የነበረበት ገዢም ዕቃውን ጥሎ ሌላ ገዝቷል። እንዲህ ሲሆን ፍርዱ የሚደርሰው ለማን ነው?

ባለፈው ሳምንት ያቺ በሥራችን አዲስ የሆነች ልጅ የጻፈችውን ኮድ ለሕዝብ ልትለቅ ስትል በየትኛው ፈቃድ ላውጣው ብላ ጠየቀችኝ። ሳላመነታ ጂፒኤል አልኳት፤ አሁንም የምለው ያንኑ ነው። ነገር ግን ብልህ ናት፤ አንድ ቀን «ወስደው ቢዘጉትስ ማን ያስከብርልኛል? መቼስ ይፈረድልኛል?» ማለቷ አይቀርም። ምን ብዬ ልመልስላት?