ጃንሆይን ከጂቡቲ የወሰደችው ክሩዘር፦ የ«ኢንተርፕራይዝ» ታሪክ እስካሁን

ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛ ሲሆን ይጠቀሳል።

የዚህችን የብሪታንያ ክሩዘር (ፈጣን የጦር መርከብ) የግንባታ ቀኖች ለየብቻ መያዝ ይሻላል። ሥራዋ በ1918 በስኮትላንድ፣ ክላይድባንክ ተጀመረ፤ በዲሴምበር 1919 ውኃ ላይ ወረደች፤ አገልግሎት የገባችው ግን በ1926 ነው። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲያልቅ ጥድፊያው ቀረ፤ በአንድ ንድፍ የታቀደችው ሦስተኛ እህቷ «ዩፍሬትስ» ጭራሽ ተሰረዘች። መዘግየቱ ግን አልጎዳትም፦ የፊተኞቹ ሁለት ነጠላ መድፎች ለሙከራ በአንድ ዝግ፣ ባለ መንታ አፈሙዝ የመድፍ ቤት ተተኩ። ሙከራው ስለሰመረ ኋላ የመጣችው ክሩዘር «ሊያንደር»ና ተከታዮቿም ባለ መንታ ሆኑ። ፎቶ የሚለየውም ይኸው ነው። «ኢንተርፕራይዝ»ና እህቷ «ኤመራልድ» ሁለቱም ሰባት ባለ 6 ኢንች መድፍና ሦስት ጭስ ማውጫ ስላላቸው ቆጠራ አይረዳም። ፊት ለፊት ሳጥን የመሰለ ባለ ሁለት አፈሙዝ ከታየ «ኢንተርፕራይዝ» ናት፤ ጀርባቸው ክፍት የሆነ ነጠላ መድፎች ከሆኑ «ኤመራልድ»።

ጃንሆይን ይዛ ከጂቡቲ የተነሳችው ሜይ 4፣ ሃይፋ የገባችው ሜይ 8 ቀን 1936 ነው፤ በእኛ ሚያዝያ 26 እና 30 ቀን 1928። በዚሁ ስሌት ወደ ኋላ ሄዶ የጥር ወይም የጥቅምት ቀን የሚቀይር ሰው በአንድ ቀን ይስታል፤ የ1927 ጳጉሜን ስድስት ስለነበረች ልዩነቱ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ አንድ ቀን ይጨምራል።

እንግሊዝ ድረስ ያደረሰቻቸው እሷ አይደለችም። ከሃይፋ እስከ ጂብራልታር ክሩዘሯ «ኬፕታውን»፣ ከዚያ እስከ ሳውዝሃምፕተን የመንገደኛ መርከቧ «ኦርፎርድ» ናት። ስለዚህ ኪው ከሚገኘው የብሪታንያ ብሔራዊ መዝገብ ቤት፣ «ኤዲኤም 53» ከሚባለው ክፍል፣ የሁለቱም ክሩዘሮች የሜይ 1936 የጉዞ መዝገብ ይጠየቅ። አቅጣጫ፣ ፍጥነት፣ ነፋስ፣ የእኩለ ቀን ቦታ ይገኝበታል፤ የተሳፋሪ ወሬ የሚጠብቅ ግን ያዝናል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የሚያሳስተው ቁጥር ነው። በኤፕሪል 1942 ጃፓኖች የብሪታንያን ክሩዘሮች «ዶርሴትሻየር»ንና «ኮርንዎል»ን ሲያሰጥሙ የዳኑት 1,122 ሰዎች በእሷ ብቻ የተነሱ ተደርገው ይጻፋሉ፤ «ፓላዲን»ና «ፓንተር» የተባሉት አጥፊ መርከቦችም አብረው ነበሩ። ዲሴምበር 28 ቀን 1943 በቢስካይ ባሕረ ሰላጤ ከሌላዋ የብሪታንያ ክሩዘር ከ«ግላስጎው» ጋር የገጠሟቸው 11 የጀርመን መርከቦችም ሁሉም አጥፊ አይደሉም፤ ስድስቱ ቶርፔዶ ጀልባ የሚባሉት አነስተኞቹ ናቸው። ከሰጠሙት ሦስቱ አጥፊዋ ዜድ 27 ብቻ ናት፤ ቲ 25 እና ቲ 26 ከአነስተኞቹ ናቸው።

በ1944 በፈረንሳይ ጠረፍ ኖርማንዲና ሼርቡርግን ደበደበች፤ በ1946 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። የሚቀጥለው የ«ኬፕታውን» ነው።