የጥር 21 ፋይል

አንድ ፋይል በሰባት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ተመልሷል። የመለሰው ወጣት ጠንቃቃ ሠራተኛ ነው፤ ያሠለጠንኩትም እኔ ነኝ። ስህተቱን ያየሁት ግን ውኃ ልቀዳ ተነሥቼ በኋላው ሳልፍ ነው።

የምሠራው ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ፣ አንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ነው። የአመልካቾችን ማስረጃ እየመረመርን ክፍያ ይገባቸው እንደሆነ እንወስናለን። በማርች 2020 ኮቪድ ሲገባ ሥራውን ይዤ ሲልቨር ስፕሪንግ ወዳለው ቤቴ ገባሁ፤ በኋላም በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነበር ቢሮ የምንሄደው። ጃንዋሪ 20 ቀን 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ ሥልጣን በያዙበት ዕለት፣ የፌዴራል ሠራተኞች በሙሉ ሰዓት ወደ ሥራ ቦታቸው እንዲመለሱ የሚል ትእዛዝ ፈረሙ።

እኔ ተቃዋሚ ነበርኩ። በዚያው ሰሞን ከአበልጄ ጋር ክፉኛ ተከራከርን። እሱ መሀል ከተማ፣ ኬ ስትሪት አጠገብ ፓርኪንግ ይሠራል። «እናንተ ቤት ስትቀሩ የተቆረጠው የኔ ሰዓት ነው» አለኝ። «መኪና ከሌለ እኔ ምን ልጠብቅ? ሚስቴ ደግሞ ሆስፒታል ናት፤ በዚያ ሁሉ ወረርሽኝ አንድ ቀን አልቀረችም።» ለዚህ መልስ አልነበረኝም። ሁላችንም ቤት የተቀመጥን ይመስለው ስለነበር ግን የማውቀውን ነገርኩት። መንግሥት በ2024 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ ከ2.28 ሚሊዮን ሠራተኞች 54 በመቶው ሥራቸው ከቤት የማይሠራ ነበር። ከቤት መሥራት የተፈቀደላቸውም፣ ሙሉ በሙሉ ከቤት የሚሠሩት ሳይቆጠሩ፣ በድምሩ ከሥራ ሰዓታቸው 60 በመቶ ያህሉን ቢሮ ነበር የሚያሳልፉት። «ታዲያ ቀሪውን መግባት ምን ያስፈራችኋል?» አለኝ። ልጆቼን ከትምህርት ቤት ማን ያምጣልኝ የሚለውን እንኳ ሳልነግረው ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በማርች ተመለስን። ጠረጴዛ አልበቃም። የተመደበ ቦታ ስለሌለ ቀድሞ የደረሰ ይቀመጣል፤ ያረፈደ መሰብሰቢያ ክፍል ወይ ካፍቴሪያ ይገባል። የቡድናችን ግማሽ አትላንታ ስለሆነ ስብሰባችን አሁንም በቲምስ፣ በኮምፒውተር የቪዲዮ ጥሪ ነው። ከሁሉ የከበደኝ ስልኩ ነበር። አንዲት ሴት ስለ ሕመሟ እያለቀሰች ስትነግረኝ ግራና ቀኜ ሰው አለ። የምጠይቃትን ጥያቄ ሰው እንዳይሰማ አፌን በእጄ ከልዬ ነበር የማወራው። ቤቴ ሆኜ በር ዘግቼ አዳምጣት ነበር። የዚህች ሴት ምስጢር መጠበቅ የሥራዬ ግማሽ ነው፤ እስካሁንም ይቆጨኛል።

በሁለተኛው ሳምንት ነው ውኃ ልቀዳ የተነሣሁት። ያ ወጣት ያን ቀን ከኋላዬ ቦታ አግኝቶ ነበር። ሳልፍ ስክሪኑ ላይ ክብ ማኅተምና የአማርኛ ጽሕፈት አየሁ፤ የክርስትና ምስክር ወረቀት። ቆምኩ። «ጥር 21 ቀን 1950 ዓ.ም.» ይላል። የአስተርእዮ ማርያም ዕለት የተወለደች ሴት ናት። ከጎኑ ያለው ትርጉም ግን «ጃንዋሪ 21፣ 1950» ብሎታል። ፓስፖርቷ ደግሞ ጃንዋሪ 29፣ 1958 ነው። ልጁም ሁለቱ አልገጠሙም ብሎ «ሌላ ማስረጃ አቅርቢ» እያለ ሦስት ደብዳቤ ጽፏል። እሷም ያንኑ ወረቀት ሦስት ጊዜ ልካለች፤ ሌላ ምን ልትልክ?

ፋይሉን አልነካሁም፤ የኔ አይደለም። ወንበር ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። የኛ ዓመት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ በሰባት፣ ከዚያ በኋላ በስምንት እንደሚለይ፣ ጥር ደግሞ ከጃንዋሪ ጋር አብሮ እንደማይጀምር ነገርኩት። ቆጠርን። ጥር 21 ቀን 1950 ልክ ጃንዋሪ 29፣ 1958 ላይ ዋለ። ልጁ ፊቱ ቀላ። «በየሳምንቱ በቲምስ ስንገናኝ ለምን አልጠየቅከኝም?» አልኩት። «የምጠይቀው ነገር መኖሩን አላወቅሁም ነበር» አለኝ። ይህ ቃል ከአእምሮዬ አልወጣም። እኔ በቲምስ የምመልሰው የተጠየቅሁትን ብቻ ነበር። ያላወቀውን እንዳላወቀ የማየው አጠገቡ ስሆን ነው፤ ያን አጠገብነት ደግሞ ስቃወመው ነው የከረምኩት።

የሴትዮዋ ጉዳይ በዚያው ሳምንት ተፈታ። የቀን አቆጣጠሩን በአንድ ገጽ ጽፌ አትላንታ ላሉትም ላክሁ፤ በማግስቱ ከዚያ ሁለት ተመሳሳይ ፋይል ተገኘ። እነዚያን ያስገኘው ያው ስክሪኑ ነው፤ ይህም እውነት ነው።

አለቃዬ ዘንድ ገባሁና ያሰብኩትን ነገርኳት። አዲስ የገቡትና ነባሮቹ በሳምንት ሁለት ቀን ጎን ለጎን እንዲቀመጡ ቦታ ይመደብልን፤ የምስጢር ስልክ ያለብን ቀን ደግሞ ከቤት እንሥራ። ወረቀቴን ሁለት ጊዜ አነበበችው። «ሐሳብሽ ትክክል ነው። ትእዛዙ ግን አምስት ቀን ነው፤ ማን የት እንደሚቀመጥ የሚል ነገር የለበትም» አለችኝ።

ያን አንድ ገጽ አትሜ ከልጁ ስክሪን ጎን ለጥፌለት ነበር። በሚቀጥለው ሰኞ ጠረጴዛው ላይ የማላውቀው ሰው ተቀምጧል። ልጁ ባቡር ዘግይቶበት አምስተኛ ፎቅ ነው ቦታ ያገኘው። ከሰዓት በኋላ ጥያቄ ሲኖረው በቲምስ ደወለልኝ።