ተስፋ በረካ ሳይጠጣ የሚሄድ እንግዳ አይወድም

ውሻችን ተስፋ ይባላል። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ፈረንሳይ ውስጥ ዘሩ የተመዘገበ ቡችላ ስም ሲወጣለት የተወለደበትን ዓመት ፊደል ይከተላል፤ በአውሮፓውያኑ 2022 ተራው የ«ቴ» ነበር። ሚስቴ የፈረንሳይ ስም ስትደረድር እኔ «ተስፋ» አልኩና አሸነፍኩ። መዘዙ የገባኝ እናቴ ከአዲስ አበባ ስትደውል ነው። ሚስቴ በዚያች በተማረቻት አማርኛ ከጓሮ ትጮሃለች፦ «ተስፋ የለም! ኧረ ተስፋ የለም!» እናቴ ስልኩ ላይ ማልቀስ ጀመረች።

ዝርያው ብሪያር ነው። የምንኖረውም ከፓሪስ በስተምሥራቅ፣ ስሙን ለውሻውም ለቺዙም ባዋሰው በብሪ አገር ነው። ተስፋ ትከሻው ድረስ 65 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ፀጉሩ እንደ ፍየል ደረቅና ረጅም ነው፤ ዓይኑን ሸፍኖታል። በኋላ እግሮቹ ላይ ሁለት ሁለት ትርፍ ጣት አለው፤ የዝርያው ምልክት ነው ይላሉ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመዶቹ የቆሰለ ወታደር ፈልገው ያገኙ ነበር። የእኛው እስካሁን ያገኘው የእኔን ካልሲ ብቻ ነው።

ዋናው ሙያው ግን እረኝነት ነው። አጥር በሌለው ማሳ በጎቹ እህል ውስጥ እንዳይገቡ ድንበሩን እየተመላለሰ መጠበቅ፣ የተበተነውን መሰብሰብ። በግ የለንም። ስለዚህ ያለው እኛው ነን።

ለፋሲካ አራት ቤተሰብ ጠራን። ለጥየቃ የመጣችው አክስቴም ነበረች። «ውሻ እቤት ውስጥ?» ብላ ገና በሩ ላይ አማተበች። በኋላ ግን አንጀቷ አልቻለም፣ ከተኛበት ጎንበስ ብላ ቁራሽ ዳቦ ዘረጋችለት።

«ምነው፣ አይበላም እንዴ ይሄ?»

«እትዬ፣ እሱ ጭራው ነው። አፉ በዚያ በኩል ነው።»

ዶሮው ተበላ፣ ቡናው ጓሮ ተፈላ። አቦል እንዳለቀ አንዱ ወዳጄ ባቡር አለብኝ ብሎ ተነሳ። «ኧረ ቶና እንኳን ሳትጠጣ!» አልን፣ እንደ ወጉ። ከልባችን አልነበረም፤ ወንበርም አጥሮን ነበር። ተስፋ ግን ከልቡ ወሰደው። ከጠረጴዛው ሥር ወጣ፣ ሰውዬውን በሰፊው ዞረው፣ በሩ ጋ ቀድሞት ቆመ። አልጮኸም፣ አልነከሰም። በግንባሩ ጉልበቱን ገፋ አደረገው። ሰውዬው ወደ ግራ፣ ተስፋ ወደ ግራ። ወደ ቀኝ ሲል ወደ ቀኝ። በመጨረሻ ወዳጄ እየሳቀ ተመልሶ ተቀመጠ።

ቀጥሎ ሲጋራ ሊያጨስ የወጣው ተመለሰ። ልጆቹ አጥሩ ጥግ ተሰብስበው፣ ትንሹ መሃል ገብቶ፣ ከዚያ መውጣት ተከልክለው ተገኙ። እናትየው ሄዳ ልታመጣቸው ስትል እሷም እዚያው ቀረች። እኔ «ተስፋ! ተስፋ!» እያልኩ ስጮህ የጎረቤት ሴትዮ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ አየችን፤ ከዚያ መስኮቷን ዘጋች።

ባቡሩ ሄደ። በረካም ተጠጣ። ሚስቴ ማሰሪያውን አምጥታ እስክትይዘው ድረስ ማንም ከጓሮው አልወጣም።

በመሃል ለአንድ ደቂቃ ከበሩ ዞር ያለው ውሃ ሊጠጣ ነው። ጢሙን እስከ ጆሮው አርሶ መጣ፣ ቀጥታ ወደ አክስቴ ሄደ፣ ጭኗ ላይ አገጩን አስቀመጠ። ነጠላዋ ለፋሲካ የተገዛ አዲስ ነው። እርጥበቱ ጥለቱን አልፎ እስከ ቀሚሷ ሲወርድ ይታየኛል። ትንፋሼን ያዝኩ።

እሷ ዓይኑን ፍለጋ ፀጉሩን ገለጥ ገለጥ አደረገችለት።

«ተዉት፣» አለች። «ከእናንተ ውስጥ እንግዳ ቆይ ማለት የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው።»