ድሮትኒንግሆልም፦ ከመድረኩ ወለል በታች

ወደ ስዊድን ነገሥታት ቤተ መንግሥት ወደ ድሮትኒንግሆልም ለመድረስ ከስቶክሆልም ማዘጋጃ ቤት አጠገብ ጀልባ ተሳፍሮ በሜላረን ሐይቅ ላይ አንድ ሰዓት ያህል መሄድ ነው፤ የቸኮለ ደግሞ በአረንጓዴው የምድር ባቡር መስመር ብሮማፕላን ድረስ ሄዶ አውቶቡስ ይይዛል። ጎብኚው ወደ ቤተ መንግሥቱ ሲጎርፍ እኔ አጠገቡ ወዳለው ቴአትር ቤት ገባሁ። እ.ኤ.አ. በ1766 የተሠራ ነው፤ የቀድሞው በ1762 ተቃጥሏል። ገንዘብ እንዳልተትረፈረፈ ያስታውቃል፦ እብነ በረድ የሚመስለው ቀለም ነው፣ ከጌጡም ብዙው ከተቦካ ወረቀት የተሠራ።

ያመጣኝ ግን ከወለሉ በታች ያለው ነው። ጣሊያናዊው ዶናቶ ስቶፓኒ የዘረጋው ገመድና በከራ እስከ ዛሬ ይሠራል። ላይ በግራና በቀኝ ቀለም የተቀቡ ሸራዎች በየፍሬማቸው ተወጥረው ቆመዋል። የእያንዳንዱ ምሰሶ ወለሉ ላይ ባለ ቀጭን ስንጥቅ አልፎ ታች በሐዲድ ከሚሄድ ጋሪ ጋር ተያይዟል። ጋሪዎቹ ጥንድ ጥንድ ናቸው፤ አንዱ ሲገባ አንዱ ይወጣል። ገመዶቹ ሁሉ የሚሰበሰቡት ሰዎች ዙሪያውን እየገፉ በሚያሾሩት አንድ ቋሚ ግንድ ላይ ነው። ግንዱ ዞር ሲል ጫካው በጥቂት ሴኮንዶች አዳራሽ ይሆናል፣ ያውም መጋረጃ ሳይወርድ። መብራት ጠፍቶ በጨለማ ሶፋ ሲጎተት መስማት ለለመድን ለእኛ ይህ ራሱን የቻለ ትርኢት ነው። ዘዴውን በ1640ዎቹ ቬኒስ ላይ ያራቀቀው ጃኮሞ ቶሬሊ ነበር። ያለዚህ ዘዴ ሸራው ሁሉ ለየብቻ በሰው እጅ ሲገፋ አንዱ መቅደሙ፣ ሌላው መዘግየቱ አይቀርም።

የዚህኛው ጣጣ ገመዱ ነው። ቃጫ እርጥበት ሲጠጣ ያጥራል፣ ሲደርቅ ይላላል፤ ቦታው ደግሞ ሐይቅ ዳር ነው። አንዱ ገመድ አራት ጣት ቢላላ የእሱ ሸራ ከሌሎቹ ዘግይቶ ይነሳና ከመስመር ውጭ ይቆማል። ስለዚህ ከትርኢት በፊት እያንዳንዱን መወጠርና አዙሮ መሞከር ግድ ነው።

ባሕሩ በመድረኩ ስፋት የተጋደሙ፣ እንደ ብሎን ጥርስ ተጠማዘው የተፈለፈሉ ሰማያዊ ግንዶች ነው። ጫፋቸው ላይ ባለ እጀታ ቀስ ተብለው ይሾራሉ። የአንዱ ጉብታ ከፊቱ ካለው ጋር እኩል ከተነሳ ማዕበልነቱ ይቀርና ግንድነቱ ይጋለጣል፤ አንዱ ሲነሳ ቀጣዩ መውረድ አለበት። ነጎድጓዱ ጣሪያ ሥር ያለ፣ ድንጋይ የተሞላ የእንጨት ሣጥን ነው፤ ሲያዘነብሉት ይንከባለላል። ነፋሱ ሸራ የለበሰ የእንጨት ከበሮ ነው፤ ሲያሾሩት ከሸራው ጋር ይፋተጋል። ሸራው ጠበቅ ካለ ያፏጫል፣ ከላላ ያንሾካሽካል።

ይህ ሁሉ የተረፈው ሳይነካ በመቆየቱ ነው። ንጉሥ ጉስታቭ 3ኛ በ1792 ከተገደለ በኋላ ቤቱ የዕቃ ማከማቻ ሆነ። በ1921 አግኔ ቤየር የተባለ ተመራማሪ ሥዕል ሲፈልግ ደረሰበት። ገመዱ ተቀይሮ፣ ኤሌክትሪክ ገብቶ በ1922 ተከፈተ። ሻማውን እንደ ሻማ የሚርገበገብ አምፖል ተክቶታል፤ በትርኢት የሚታዩት ሸራዎችም ቅጂዎች ናቸው።

ቤቱ ማሞቂያ ስለሌለው ትርኢት የሚኖረው በበጋቸው ብቻ ነው። ቲኬት የሚቆርጥ መሀሉን ይያዝ። ሸራዎቹ ወደ ኋላ እየተቀራረቡ የሚያጥሩት ከፊት መሀል ለሚቀመጡት ንጉሥና ንግሥት ዓይን ተለክተው ነው፤ ከዳር ሆኖ የሚያይ በሸራዎቹ መካከል ተራውን የሚጠብቀውን ዘፋኝ ያያል።