የጉበት ሕዋስን በኮላጅን መካከል ማኖር፦ እስካሁን የተማርኩት

የጉበት ሕዋስ ከአካል ወጥቶ በባዶ ፕላስቲክ ሳህን ላይ ሲቀመጥ ወዲያው አይሞትም፤ ሙያውን ግን ይተዋል። በጥቂት ቀናት ውስጥ ማዕዘናማ ቅርጹ ጠፍቶ ይለጠጣል፣ የሚያመነጨው አልቡሚን የተባለው የደም ፕሮቲን ይቀንሳል፣ መድኃኒት የሚያብላሉት የሳይቶክሮም ፒ450 ኢንዛይሞቹም ያሽቆለቁላሉ። ስለዚህ በዚህ ሥራ «ሕዋሶቼ ደህና ናቸው» ማለት ብዙም ዋጋ የለውም። የጉበት ሥራ እየሠሩ ነው ወይ? መጠየቅ ያለበት ይህ ነው።

«ሄፕ ጂ2 እያለ ለምን ትቸገራለህ?» ያላችሁኝ አላችሁ። ሄፕ ጂ2 ከጉበት ዕጢ የተገኘ የሕዋስ ዘር ነው፤ ርካሽ ነው፣ ሳይታክት ይራባል። መድኃኒት የማብላላት አቅሙ ግን ደካማ ነው። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስም እንዲሁ አይገባበትም፤ ቫይረሱ መግቢያ የሚያደርገው ኤንቲሲፒ የተባለው ፕሮቲን በበቂ መጠን የለውምና። ይህ መግቢያ የታወቀው በ2012 ነው። ሄፓታይተስ ቢ እንደ አገራችን በተስፋፋበት ቦታ ለሚመራመር ሰው ጉዳዩ ቀላል አይደለም።

እኔ የምጠቀመው ከአይጥ ጉበት በቀጥታ የተለዩ ሕዋሶችን ነው። አለያየቱ ቤሪና ፍሬንድ በ1969 የገለጹት፣ ሴግለን በኋላ ያሻሻለው ዘዴ ነው። በመጀመሪያ ካልሲየም የሌለው ፈሳሽ በደም ሥሩ ይገባና ሕዋሶቹን ያያያዘው ትስስር ይላላል፤ ቀጥሎ ኮላጅን የተባለውን ደጋፊ የአካል ፕሮቲን የሚቆርጠው ኢንዛይም ኮላጅኔዝ፣ ካልሲየም ስለሚፈልግ ከካልሲየም ጋር፣ ይላካል። ሴንትሪፊዩጁ (እያሽከረከረ የሚያዘቅጠው ማሽን) ከ50 ጂ፣ ማለትም ከመሬት ስበት 50 እጥፍ፣ አያልፍም፤ የጉበት ሕዋሶች ከባድ ስለሆኑ በዚያ ይዘቅጣሉ፣ ሌሎቹ ከላይ ይቀራሉ።

ዋናው ትምህርት የመጣልኝ ሳንድዊች ከሚባለው አቀማመጥ ነው። ደን፣ ያርሙሽና ቶምፕኪንስ ቦስተን ውስጥ በ1989 ባሳተሙት ሥራ ሕዋሶቹን በሁለት የኮላጅን ንጣፎች መካከል አስቀምጠው አልቡሚን ማመንጨታቸው ለሳምንታት እንዲዘልቅ አድርገዋል። ምግቡ ያው፣ ሕዋሱ ያው፤ የተለወጠው ከላይ የተጨመረው ንጣፍ ነው። በአካል ውስጥም የጉበት ሕዋስ በአንድ ጎኑ ብቻ ተደግፎ አይኖርም።

ኮላጅኑ ከአይጥ ጅራት የተወሰደ ሲሆን በቀላል አሲድ ሟሙቶ ነው የሚቀመጠው። በበረዶ ላይ አድርጌ የአሲድነትን መጠን በቀለም የሚያሳየው ፌኖል ሬድ ያለበትን የተከማቸ ጨዋማ ፈሳሽ ስጨምርበት ቢጫ ይሆናል። ከዚያ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጠብታ በጠብታ። ቢጫው ወደ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማው ወደ ፈዛዛ ሮዝ ሲለወጥ እጅን መሰብሰብ ነው፤ አንድ ጠብታ ተርፎ ወደ ወይን ጠጅ ካለ ሕዋሱ አይወደውም። ፒፔቱን እስከ መጨረሻው መጫን አረፋ ያመጣል፣ አረፋው ደግሞ ጄሉ ውስጥ ጉድጓድ ሆኖ ይቀራል። በ37 ዲግሪ ሲረጋ ውሃ የመሰለው ፈሳሽ በስሱ ይደፈርሳል፤ ሳህኑን ዘንበል ሲያደርጉት የማይፈስ ከሆነ ረግቷል። የላይኛውን ንጣፍ የምጨምረው ሕዋሶቹ ከተጣበቁ በኋላ በማግስቱ ነው፤ ከመሐል ሳይሆን ከዳር፣ ቀስ ብሎ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ማየት ደስ ይላል። በማይክሮስኮፕ ሥር በሕዋሶቹ ድንበር ላይ ብሩህ መስመሮች ይታያሉ፤ የሐሞት ቦዮች ናቸው። በእርግጥ ቦይ መሆናቸውን የምፈትሸው ከፍሎረሰይን በተሠራ ቀለም ነው። ቀለሙ ሲገባ አያበራም፤ በሕዋሱ ውስጥ ያለ ኢንዛይም ሲቆርጠው ያበራል፣ ሕዋሱም ወደ ቦዩ ይገፋዋል። አረንጓዴው ብርሃን ከሕዋሱ ሆድ ለቆ በቀጭን መረብ ላይ ሲሰበሰብ፣ ሐሞት የማስወጫው መንገድ ሠርቷል ማለት ነው። ለእኔ ይህ ከአልቡሚን ቁጥር ይበልጥ ያሳምነኛል።

ከባሕር አረም የሚገኘውን ጄል ሠሪ፣ አልጂኔትንም ሞክሬአለሁ። ካልሲየም ክሎራይድ ውስጥ ሲንጠባጠብ ወዲያው እንክብል መሆኑ ያስደስታል፤ ችግሩ ሕዋሱ በራሱ አይያዝበትም፣ እንክብሉ ሲተልቅም መሐሉ ኦክስጅን ያጣል። የጉበት ሕዋስ ኦክስጅን በላተኛ ነው። ማትሪጄል የተባለውን የሕዋስ ማሳደጊያ ጄል ደግሞ፣ ስሙ ቢገንም፣ አልወደድኩትም፦ ከአይጥ ዕጢ ስለሚወጣ ይዘቱ ከምርት ምርት ይለያያል፣ ውጤት ለማነጻጸርም ያስቸግራል።

ቀጥሎ የምሄድበት ጋላክቶስ የተባለ የስኳር ዓይነት የተያያዘበት አልጂኔት ነው። የጉበት ሕዋስ ገጽ ላይ ጋላክቶስን የሚይዝ ተቀባይ ስላለ የመያዙን ችግር ሊያቃልል ይገባል። የሠራችሁበት ካላችሁ የጋላክቶሱ መጠን ሲጨምር የጄሉ ጥንካሬ ምን ያህል እንደሚወርድባችሁ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።