በሐረጎ ጥምዝምዝ የሰማሁት የሚሊሻ ታሪክ

ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ሐረጎ ላይ ግን ሚኒባሱ ጥምዝምዙን ሲያያዘው ጆሮ ድፍን ይላል። የቦርከና ሙቀት ታች ይቀርና የጦሳ ብርድ ይቀበላችኋል።

አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። "ይችን መንገድ በጭነት መኪና ወርደናታል" አሉኝ።

"መቼ አባባ?"

"በስልሳ ዘጠኝ። ሚሊሻ የሄድን ጊዜ።"

ከዚያ ወዲያ ገደሉንም መስኮቱንም ረሳሁት።

ታላቅ ወንድማቸው ቀድሞ በ1968 ራዛ በተባለው የገበሬ ዘመቻ ዘምቷል። ያኔ ከወሎና ከሌሎችም ክፍላተ ሀገር የተሰበሰበ ገበሬ፣ በቅጡ ሳይሠለጥን፣ አብዛኛው አሮጌ ጠመንጃ ይዞ ወደ ኤርትራ ተነዳ። ዛላምበሳ አካባቢ ተመትቶ ተበተነ። ወንድማቸው በእግሩ ተመለሰ።

በዓመቱ፣ ሚያዝያ 1969፣ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም የእናት አገር ጥሪ አሰሙ። ገበሬ ማኅበሩ ስም ጻፈ። የእሳቸውም ስም ገባ።

"እናቴን በድርቁ ከቀበርኩ አራት ዓመት እንኳ አልሞላም ነበር" አሉ።

ይህን ሲሉኝ ሆዴ ተላወሰ። የ1965 እና የ66 ረሃብ ወሎን እንዴት እንዳደረጋት እናውቃለን። ከዚያ የተረፈ ሰው ነው፣ ገና ቤቱን ሳያቆም፣ ከአዲስ አበባ በአምቦ መንገድ ታጠቅ ጦር ሰፈር የገባው። ሥልጠናው የጥቂት ሳምንታት ነው። ሰኔ 18 አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ ወጡ። ሐምሌ ላይ የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን ወረረ፤ እሳቸውም ወደ ምሥራቅ ተጫኑ።

ካራማራን ስናነሳ ታንኩን፣ ጄቱን፣ ኩባዎቹን እንቆጥራለን። ልክ ነው፣ ነበሩ። የካቲት 26 ቀን 1970 ጅጅጋ እስክትመለስ ድረስ ግን ከመደበኛው ጦር ጎን የወደቀው ገበሬ ብዙ ነው። ስሙን የያዘለት ቢኖር የመንደሩ ሰው ነው። እኔ ይህ ያንገበግበኛል።

ደሴ መናኸሪያ ስንወርድ ክንዳቸውን ያዝኳቸው።

"ከጎጣችሁ አብረዋችሁ ከሄዱት ስንት ተመለሳችሁ?"

ጣታቸውን እያጠፉ ስም ይጠሩ ጀመር። ሦስተኛው ላይ ቆሙ። የልጁ የአባት ስም ጠፋባቸው። ረዳቱ "ሐይቅ! ሐይቅ!" ይላል። መኪናው ውስጥ ገብተው ተቀመጡ፤ ሦስተኛዋን ጣት ገና አልለቀቋትም።