ከሮንዴላው ሥር

ባለፈው ወር ከጅቡቲ የተመለሰ አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ኮምቦልቻ ወዳለው ወርክሾፓችን ገብቶ፣ በጨርቅ የጠቀለለውን ስባሪ ብረት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና «ጋሼ፣ እስቴንለስ አይዝግም ብለውን አልነበር?» አለኝ። ብረቱ ከአንድ ዓመት ከመንፈቅ በፊት እኛው ቆርጠንና በይደን የላክነው፣ የባሕር ውሃ የሚስብ ፓምፕ ከተሸከሙት አራት እግሮች አንዱ ነበር።

ልጆቹ እንደ ልማዳቸው የሽቦ ብሩሽ ይዘው ሊያጸዱት ሲነሡ ከለከልኳቸው፤ የስብራቱ ፊት ከተፋቀ የሚጠየቅ ምስክር አይኖርምና። በማጉያ መነጽር ስመለከተው ከቡሎኑ ቀዳዳ ጠርዝ የሚነሣ ጠቆር ያለ ለስላሳ ቦታ ነበረው፤ በላዩም የቦርከና ውሃ ሲጎድል ዳር ላይ ትቶት የሚሄደውን የደለል መስመር የሚመስሉ፣ አንዱ ከሌላው ርቆ የተሠመሩ ቅስቶች ይታያሉ። የቀረው ጥቂቱ ክፍል ሸካራና ግራጫ ነው። ይህ መሐንዲሶች የብረት ድካም የሚሉት ነው፤ ስንጥቁ በፓምፑ ንቅጥቃጤ ቀስ በቀስ ሲያድግ ከርሞ፣ በመጨረሻ የተረፈው ሥጋ ሸክሙን መቻል አቅቶት በአንድ ጊዜ ተገንጥሏል።

ስንጥቁ ለምን ከዚያ ቦታ ጀመረ? የግዢ ወረቀቱን ሳገላብጥ ላሜራው 304 የሚባለው የእስቴንለስ ዓይነት ሆኖ አገኘሁት፤ 18 በመቶ ገደማ ክሮሚየምና 8 በመቶ ገደማ ኒኬል አለው፣ 316 በሚባለው ከፍ ያለ ደረጃ ውስጥ ከ2 እስከ 3 በመቶ የሚገኘው፣ ጨውን ለመቋቋም የሚረዳው ሞሊብዲነም ግን የለውም። ብዙ ሰው ምርመራውን እዚህ ላይ ዘግቶ «ደረጃው ዝቅተኛ ነበር» ይላል። እኔ ግን በዚህ አልረካሁም፤ በዚያ አሠራር 316ም ቢሆን ዕድሜው ትንሽ ይረዝም እንደሆነ እንጂ አይተርፍም ነበር።

ነገሩ ያለው ከሮንዴላው፣ ማለትም ከቡሎኑ ራስ ሥር ከሚገባው ክብ ብረት፣ ሥር ነው። እስቴንለስን የሚጠብቀው ክሮሚየሙ ከኦክስጅን ጋር የሚሠራው፣ ውፍረቱ ጥቂት ናኖሜትር ብቻ የሆነ ሽፋን ሲሆን፣ ቢጫርም ኦክስጅን እስካገኘ ድረስ ራሱን ይጠግናል። እኛ ግን ንቅጥቃጤውን ያበርዳል ብለን በእግሩና በሮንዴላው መካከል ጎማ አስገባን፤ በጎማው ሥር ሰርጎ የቀረው ውሃ የያዘውን ኦክስጅን ከጨረሰ በኋላ የሚተካለት አልነበረም። ከብረቱ የሚሟሟው ቅንጣት በአንድ ሊትር የባሕር ውሃ ውስጥ 19 ግራም ያህል የሚሆነውን የጨው አካል፣ ክሎራይድን፣ ወደ ጠባቡ ክፍተት ይስባል፣ ውሃው ወደ አሲድነት ይለወጣል፣ ሽፋኑም ይፈርሳል። በውጭ ያለው ሰፊና የሚያብረቀርቅ ገጽ ደግሞ ራሱ ሳይጎዳ ያችን ትንሽ ቦታ በፍጥነት ተበልታ እንድታልቅ ያደርጋታል። ጎማውን ስልጠው በመርፌ ጫፍ የተወጉ የሚመስሉ ጥቁር ጉድጓዶች አገኘሁ፤ ስንጥቁ የተነሣው ከአንዱ ነበር።

በብየዳው ዳር ሳይጸዳ የቀረው፣ ሽፋኑን የሚያዳክመው ሰማያዊና ቡናማ ቀለምም የእኛ ስንፍና ነው፤ ሆኖም ስብራቱ ከዚያ ስላልጀመረ በእርሱ ላይ አላላክክም። ክሎራይድ ከሙቀትና ከውጥረት ጋር ሆኖ የሚያመጣውን መሰነጣጠቅም ጠርጥሬ ነበር፤ ነገር ግን ውሃው ያን ያህል የሚሞቅ አይደለም፣ ስንጥቁም እንደ ዛፍ ሥር ቅርንጫፍ አላወጣም።

የባሕር ጨው በማይደርስበት በዚህ ከተማችን ከዚሁ 304 የሠራናቸው የደረጃ መደገፊያዎች ዓመታት አስቆጥረው ዛሬም ያብረቀርቃሉ፤ ያዘናጋንም ይኸው ነው።

አዲሶቹን እግሮች ከወፍራም ተራ ብረት ሠርቼ በኤፖክሲ ቀለም አስቀባኋቸው። ደንበኛው እስቴንለስ ካልሆነ ብሎ ቅር ብሎት ነበር፤ ተራ ብረት ግን ሲዝግ በአደባባይ ስለሚዝግ ሳይሰበር በፊት ይታያል። ብየዳውን ሳላቋርጥ ዙሪያውን ዘጋሁት፣ ጎማውን አስቀረሁ፣ ውሃ እንዳይተኛበትም መቀመጫውን አዘነበልኩት። ንቅጥቃጤውን በተመለከተ የሞተሩና የፓምፑ ዘንግ በአንድ መስመር ላይ መዋሉን እንዲያስፈትሹ ነገርኳቸው።

ሹፌሩ ጭኖ በባቲ በኩል ወደ ሚሌ ወረደ። በሚቀጥለው ጉዞው ቡሎኖቹን አስፈትቶ ሮንዴላዎቹን ሳያጥብ እንዲያመጣልኝ አደራ ብዬዋለሁ።